ኩላሊት የተተከለለት ልጅ ጤነኛ ሆኖ ሲታይ ክትትሉ ለምን ይቀጥላል?

የኩላሊት ንቅለ ተከላ ለልጁም ሆነ ለቤተሰቡ ትልቅ እፎይታ ነው። ልጁ ከኩላሊት እጥበት ይገላገላል፣ ወደ ትምህርት ገበታው ይመለሳል፣ የምግብ ፍላጎቱና ዕድገቱም ይሻሻላል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ብዙ ወላጆች «ልጄ ድኗል፤ መድኃኒቱን እስከ መቼ ይወስዳል? በየጊዜውስ ደም መስጠት ለምን ያስፈልገዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለእነዚህ ጥያቄዎች ምላሽ መስጠት ነው።

ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዴት ያየዋል?

በእያንዳንዱ ሰው ሕዋሳት ላይ እንደ መታወቂያ የሚያገለግሉ ምልክቶች አሉ። ልጅ ከእነዚህ ምልክቶች ግማሹን ከአባቱ፣ ግማሹን ከእናቱ ይወርሳል። በመሆኑም ወላጅ ኩላሊቱን ለልጁ ሲሰጥ ቢያንስ የምልክቶቹ ግማሽ ይመሳሰላሉ፤ ቀሪው ግን ለልጁ ሰውነት ባዕድ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የተከናወነው የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአንድ ዓይነት መንትዮች መካከል የተደረገውም በዚህ ምክንያት ነበር። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተጀመረው አገልግሎትም በሕይወት ካሉ ዘመዳሞች በሚገኝ ልገሳ ላይ የተመሠረተ ነው።

አንቲቦዲና ብግነት ምንድን ናቸው?

አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) ሰውነት ባዕድ ነው ብሎ የለየውን ነገር ለማጥቃት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ከኩፍኝና ከሌሎች በሽታዎች የሚጠብቀንም እርሱ ነው። ሆኖም ይኸው መከላከያ በተተከለው ኩላሊት ላይ ሊነሳ ይችላል። አንቲቦዲው በኩላሊቱ ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይጣበቅና ነጭ የደም ሕዋሳትን ይጠራል። በዚህም የደም ሥሮቹ ይቆጣሉ፤ ይህ ሁኔታ ብግነት ይባላል። ብግነቱ ከቆየ በቦታው ጠባሳ ይፈጠራል፤ ጠባሳ የሆነው የኩላሊት ክፍል ደግሞ ወደ ቀድሞ ሥራው አይመለስም።

አንቲቦዲው በሁለት ወቅቶች ሊፈጠር ይችላል። አንደኛው ከንቅለ ተከላው በፊት ነው፤ ደም መውሰድ ወይም ቀደም ሲል የተደረገ ንቅለ ተከላ ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ ንቅለ ተከላ የሚጠባበቅ ልጅ የደም ማነስ ሲገጥመው በመርፌና በአይረን ሊታከም ይችል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሕይወትን ለማዳን ደም አስፈላጊ ሲሆን ግን መከልከል አይገባም። ሁለተኛው ከንቅለ ተከላው በኋላ ሲሆን፣ ዋነኛ ምክንያቱ መድኃኒት ማቋረጥ ወይም ማዛባት ነው።

አደጋው ለምን አይታይም?

የተተከለው ኩላሊት የስሜት ነርቮቹ በቀዶ ሕክምናው ስለሚቆረጡ፣ ብግነት ሲጀምር ልጁ ብዙ ጊዜ ሕመም አይሰማውም። በደም ውስጥ የሚለካው ክሪያቲኒንም ዘግይቶ ሊጨምር ይችላል። በተለይ ትንሽ ልጅ የአዋቂ ሰው ኩላሊት ሲተከልለት ኩላሊቱ ከልጁ ፍላጎት በላይ አቅም ስላለው፣ ጉዳቱ ከጀመረ በኋላም ውጤቱ ለጊዜው ጥሩ ሊመስል ይችላል። ሐኪሞች የአንቲቦዲ ምርመራ የሚያዝዙት፣ አንዳንዴም ከኩላሊቱ ጥቂት ናሙና የሚወስዱት ለዚህ ነው። ቀድሞ የተደረሰበት ብግነት የመታከም ዕድሉ የተሻለ ነው፤ በአንቲቦዲ የመጣና የቆየ ጉዳት ግን ለሕክምና አስቸጋሪ ነው።

ወላጆችና አሳዳጊዎች ምን ማድረግ ይገባችኋል?

• እንደ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችን በታዘዘው መጠንና ሰዓት ሳታቋርጡ ስጡ። መድኃኒቱ ከማለቁ በፊትም አስቀድማችሁ አስሞሉ።

• የታክሮሊመስ መጠን በደም በሚለካበት ዕለት ደሙ እስኪወሰድ ድረስ የጠዋቱን መድኃኒት አትስጡ፤ ይዛችሁት ሂዱና ከምርመራው በኋላ ስጡት።

• ልጁ ቢያስመልሰው ወይም ቢያስቀምጠው የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ሊለዋወጥ ስለሚችል ለሐኪሙ ሳትዘገዩ አሳውቁ።

• ሌላ ሕመም ሲታከም ልጁ ንቅለ ተከላ እንዳለው ለባለሙያው ንገሩ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን የታክሮሊመስን መጠን ይቀንሳል፤ ኤሪትሮማይሲንና ፍሉኮናዞል ደግሞ ይጨምራሉ። ባህላዊ መድኃኒትም ያለ ሐኪም ምክር አትስጡ።

• ሕያው ተሕዋስያን የያዙ ክትባቶች፣ ለምሳሌ የኩፍኝና የቢጫ ወባ ክትባት፣ ከንቅለ ተከላ በኋላ በአብዛኛው አይሰጡም። ስለዚህ ከክትባት በፊት ሐኪሙን አማክሩ።

• ጸሎት፣ ጸበልና ዱዓ መድኃኒት ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆኑ አይገባም፤ ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ። በጾም ወቅትም የመድኃኒቱን ሰዓት ከመለወጣችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ።

• ትኩሳት፣ የሽንት መቀነስ፣ የፊት ወይም የእግር እብጠት፣ የደም ግፊት መጨመር ወይም በተተከለው ኩላሊት አካባቢ ሕመም ከታየ በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና ተቋም ሂዱ።

የጉርምስና ዕድሜ የተለየ ትኩረት ይሻል

መድኃኒት የማቋረጥ አደጋ ከፍ የሚለው በጉርምስና ዕድሜ ነው። ታዳጊው ከጓደኞቹ ተለይቶ መታየት አይፈልግም፤ መድኃኒቱ ፊቱን ሊያሳብጠው ወይም ብጉር ሊያወጣበት ይችላል፤ ጥቂት ቀናት ቢዘል ምንም ስለማይሰማው ያላስፈለገው ይመስለዋል። በዚህ ጊዜ ቁጣና ዛቻ መደበቅን ያስተምሩታል እንጂ አይጠቅሙትም። የዘለለውን በግልጽ እንዲናገር ማበረታታት፣ ስለሚያስቸግረው ነገር ከሐኪሙ ጋር እንዲነጋገር ማድረግና ኃላፊነቱን ደረጃ በደረጃ ማስረከብ ይገባል።

ንቅለ ተከላው በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር የተደረገ ቢሆን፣ የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያ፣ የለጋሹንና የልጁን የምርመራ ውጤት እንዲሁም የመድኃኒቶቹን ዝርዝር በአንድ ማኅደር ይዛችሁ ወደ ክትትል መምጣታችሁ አገልግሎቱን ያቀላጥፋል። ለጋሹ ከአካሉ ከፍሎ የሰጠው ስጦታ ለረጅም ዓመታት እንዲያገለግል፣ ልጁ ደህና በሚመስልበት ቀን የሚወሰደው መድኃኒትና የሚደረገው ምርመራ በታመመበት ቀን ከሚደረገው እኩል አስፈላጊ ነው።