ጃትሮፋ ለመኪና ነዳጅ፦ ከመትከል በፊት ሊታወቅ የሚገባው

እ.ኤ.አ. በ2003 ዳይምለር ክራይስለር የተባለው የመኪና ፋብሪካ፣ የጀርመኑ ሆሄንሃይም ዩኒቨርሲቲና የሕንድ የጨውና የባሕር ኬሚካሎች ምርምር ተቋም፣ ጃትሮፋ ከተባለው ቁጥቋጦ ፍሬ ባዮዲዝል ለማምረት ተባብረው ሥራ ጀመሩ፡፡ የተጨመቀው ዘይት ወፍራም ስለሆነ የሞተሩን ኖዝል ይደፍናል፡፡ ከሜታኖል ጋር ተዋህዶ ግሊሰሪኑ ሲወጣለት ግን ይቀጥናል፤ መርሴዲስ መኪኖችም ሕንድ ውስጥ ተነድተውበታል፡፡

ችግሩ የታየው በሞተሩ ሳይሆን በማሳው ላይ ነው፡፡ ተክሉ ድርቅን ቢችልም፣ ውኃና ለም አፈር ካላገኘ የሚሰጠው ፍሬ ጥቂት ነው፡፡ ሕንድ ከናፍጣዋ 20 በመቶውን በባዮዲዝል ለመተካት ያወጣችው ዕቅድም ሳይሳካ ቀርቷል፡፡

በአገራችንም ጃትሮፋን ጨምሮ የነዳጅ ተክሎችን ለማልማት እ.ኤ.አ. በ2007 ስትራቴጂ ወጥቷል፡፡ ስለዚህ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚከተለውን እንዲያስተውሉ እናሳስባለን፡-

ሀ/ የእህል ማሳ ለጃትሮፋ አይለቀቅ፡፡ ገበያ ቢጠፋ ማሽላ ይበላል፤ ጃትሮፋ አይበላም፡፡ የባቲ አካባቢ ገበሬዎች እንደሚያደርጉት ለአጥር ይተከል፡፡

ለ/ ገዢውና ዋጋው በጽሑፍ ውል ሳይረጋገጥ ችግኝ አይፈላ፡፡

ሐ/ ፍሬውም ፋጉሎውም መርዛም ስለሆነ ከሕፃናትና ከከብት ይራቅ፤ ፋጉሎው ለማዳበሪያ ይዋል፡፡