ማረሻ ለምን ይሰበራል? ምሥጢሩ ከእሳቱና ከሚቀላቀለው ነው

ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይታረሳል። በእርሻው መካከል ማረሻው ድንጋይ መትቶ ሲሰበር በሬዎቹ ይፈታሉ፤ አርሶ አደሩም ወደ አንጥረኛ ይሄዳል። ዝናቡ ግን አይጠብቅም። ጥፋቱ ዘወትር የብረቱ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ አንዱ ብረት እንደ እሳት አያያዙ እንደ ሸክላ ተሰባሪ፣ አለበለዚያም ጠንካራና ቻይ ሊሆን ይችላል።

በማረሻ ብረት ውስጥ ጥቂት ካርቦን አለ። ሦስት የብረት አቶሞች ከአንድ የካርቦን አቶም ጋር ሲጣመሩ ሴሜንታይት የተሰኘ ውሁድ ይፈጥራሉ። ተራ ብረት ሲመታ የሚታጠፈው የአቶሞቹ ረድፎች አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንሸራተቱ ነው። በሴሜንታይት ውስጥ ግን አቶሞቹ በጥብቅ ሥርዓት ስለተያዙ መንሸራተት ያዳግታቸዋል፤ ኃይል ሲበዛበት ይሰነጠቃል። በረጅም ንጣፍ ከተዘረጋ ስንጥቁ መንገድ ያገኛል። በለስላሳው ብረት መካከል እንደ ደቃቅ ፍሬ ከተበተነ ግን ብረቱን ያጠነክራል እንጂ አያሰብረውም።

ከብረታ ብረት ጥምረት የሚገኙ ተሰባሪ ውሁዶች የአውሮፕላን ሞተር ሠሪዎችንም ሲያስቸግሩ ኖረዋል። የኒኬልና የአሉሚኒየም ውሁድ ሙቀትን ይችላል፤ ሲሳብ ግን ይበጠስ ነበር። በ1979 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች እጅግ ጥቂት ቦሮን ሲጨምሩበት መለጠጥ እንደሚችል አሳዩ። የታይታኒየምና የአሉሚኒየም ውሁድም ክሮሚየምና ኒዮቢየም ተጨምረውበት፣ በሙቀትም ታክሞ፣ በቦይንግ 787 አውሮፕላን ጂኢኤንኤክስ ሞተር ውስጥ ለኋለኞቹ የተርባይን ምላሶች አገልግሏል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በዚህ ሞተር የሚበሩ 787 አውሮፕላኖች አሉት።

ወደ ወናፉ እንመለስ። የመኪና ባሌስትራ ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ያህል ካርቦን፣ በተጨማሪም እንደ ዓይነቱ ማንጋኒዝ፣ ሲሊከን ወይም ክሮሚየም ይዟል፤ ስለዚህ በእሳት ይጠነክራል። የግንባታ ፌሮ በአብዛኛው ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ ቢነከርም ብዙ አይጠነክርም፤ ማረሻው ባይሰበርም ጫፉ ፈጥኖ ይታጠፋል፣ ያልቃልም።

ባሌስትራው ግሎ ማግኔት መሳቡን ካቆመ በኋላ ጥቂት ጨምሮ ሲሞቅና በድንገት ሲነከር ካርቦኑ መውጫ አጥቶ በውስጡ ይታፈናል። ለእንዲህ ያለው ብረት ዘይት ከውሃ ይመረጣል፤ ውሃ እጅግ ፈጥኖ ስለሚያቀዘቅዘው ሊሰነጥቀው ይችላል። አሁን ሞረድ አይበላውም። ግን እዚህ ላይ ከቆመ የመጀመሪያው ድንጋይ ይሰብረዋል። በግብርና ትምህርታችን ስለ አፈር ብዙ ሲነገር፣ አፈሩን ስለሚያርሰው ብረት የሚነገረው ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል።

የሚቀረው ሥራ ጊዜ አይፈጅም። የተነከረውን ማረሻ ገጽ በድንጋይ ፈትጎ ማንጣት፣ ከዚያም ከፍም ራቅ አድርጎ በዝግታ ማሞቅ ነው። በ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የገለባ ቀለም ይታያል፤ በ280 ሐምራዊ፣ በ300 ሰማያዊ ይሆናል። የታፈነው ካርቦን በዚህ ጊዜ ቀስ በቀስ በደቃቅ ፍሬ መልክ ይወጣል። ለቢላዋ የገለባው ቀለም ይበቃል፤ ድንጋይ ለሚመታ ማረሻ ግን እስከ ሰማያዊው መጠበቅ ይሻላል። ቀለሙ አልፎ ማረሻው እንደገና ከቀላ ጥንካሬው ጠፍቷልና ሥራው ከመንከሩ ይጀመራል።