ሰውነት ሚዛኑን ሲስት

አንባቢ ሆይ! ንባብዎን ከመቀጠልዎ በፊት እስቲ ከወንበርዎ ይነሡና በግድግዳ አጠገብ በአንድ እግርዎ ይቁሙ። ጥቂት እንደ ቆዩም ዓይንዎን ይጨፍኑ። ወዲያው ቁርጭምጭሚትዎ ይንቀጠቀጣል፤ ክንድዎም ሳያዝዙት ወደ ጎን ይዘረጋል። ቆሞ መሄድ ቀላል መስሎ የሚታየን፣ አንጎላችን ሥራውን ሳይነግረን ስለሚፈጽምልን ነው።

አንጎል ይህን የሚያደርገው የሦስት ምስክሮችን ቃል እየሰማ ነው። አንደኛው ዓይን ነው። ሁለተኛው በጆሮ ውስጥ በጥልቅ የሚገኘው የሚዛን ብልት ነው። ሦስተኛው ከውስጥ እግር፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ስሜት ነው። አንጎልም የሦስቱን ቃል አመዛዝኖ «ዘንበል ብለሃልና ተቃና» ሲል ጡንቻዎችን ያዝዛል።

ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ ግን ስትሮክ የሚባለው በሽታ ይመጣል። የአንጎል ግራ ክፍል የሰውነትን ቀኝ፣ ቀኙም ግራውን የሚገዛ ስለ ሆነ፣ ጉዳቱ በአንድ ወገን ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ሽባ የሚሆነው ተቃራኒው ጎን ነው።

አጎቴ በዚህ በሽታ ግራ ጎናቸው በደከመ ጊዜ፣ እኛ ቤተ ሰቦቻቸው የምናስበው ስለ እግራቸው ብቻ ነበር። «እግራቸው ሲበረታ ይሄዳሉ» እንል ነበር። እግራቸውም ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ጀመረ። ነገር ግን በተነሡ ቁጥር ወደ ግራ ይወድቃሉ። ልናቃናቸው ስንሞክር ደግሞ በደኅናው እጃቸው ራሳቸውን ወደ ታመመው ጎን ይገፋሉ። «እልኸኛ ሆኑብን» ተባለ። እኔም አንድ ቀን ተቆጣኋቸው፤ ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ።

ነገሩ እልህ አልነበረም። በአንዳንድ እንዲህ ባሉ በሽተኞች ላይ የሚዛባው ሰውነት ቀጥ ማለቱን የሚለካው ውስጣዊ ሚዛን ነው። በ2000 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የጀርመን አገር ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ በሽተኞቹ ዓይናቸው ተሸፍኖ «አሁን ቀጥ ብያለሁ» ያሉት 18 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብለው ሳለ ነበር። ነገር ግን በዓይናቸው የሚያዩት መስመር ቀጥ ያለ መሆኑን ለይተው ያውቁ ነበር። እንግዲህ አንዱ ምስክር ቢሳሳት ሌላው እውነቱን ሊናገር ይችላል ማለት ነው።

ይህን ያስረዳን አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበር። አጎቴን በቤቱ ምሰሶ ፊት ለፊት አስቀመጣቸውና «ምሰሶውን ይመልከቱ፤ እርስዎም እንደ እርሱ ይሁኑ» አላቸው። አጎቴም አዩ፤ መዝመማቸውንም በገዛ ዓይናቸው አረጋገጡ። ከዚያም በየቀኑ ክብደታቸውን ጥቂት በጥቂት በደካማው እግር ላይ ማሳረፍን ተለማመዱ። በደኅናው እግር ብቻ መቆም የለመደ ሰው ሌላውን እየረሳው ይሄዳልና።

አንባቢ ሆይ! በቤትዎ ወይም በጎረቤትዎ እንዲህ ያለ በሽተኛ ቢኖር የሚከተለውን ልብ ይበሉ። ደካማውን ክንድ ይዘው አይጎትቱ፤ ትከሻው ከመገጣጠሚያው ሊወልቅ ይችላል። ሲደግፉ በደካማው ጎን ይቁሙ። ከመቀመጫው ሲነሣ ሁለቱን እግሮቹን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ መሬት ያስረግጥ፤ ደረቱንም ወደ ፊት ያዘንብል። ከዘራውን በደኅናው እጅ ይያዝ። ደረጃ ሲወጣ ደኅናውን እግር፣ ሲወርድ ደካማውን ያስቀድም። የሚንሸራተት ምንጣፍ ካለ ያንሡለት፤ እርጥብ ወለልም ያድርቁለት። ልምምዱን ግን ባለሙያ ሳያሳይዎ አይጀምሩ።

ከሁሉ በላይ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። እኛ አጎቴን ከመውደዳችን የተነሣ ተሸክመን እናነሣቸው ነበር፤ ተሸክመንም እናስቀምጣቸው ነበር። በዚህም እግራቸው የሚማርበትን ጊዜ ነጠቅናቸው። ዛሬ ከዘራቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘው እስከ ደጃፍ ይሄዳሉ። እኔም በግራቸው በኩል እከተላቸዋለሁ፤ እጄን ዘርግቼ፣ ነገር ግን ሳልይዛቸው።