ቁልፉን «ፈቃዱ ከልክ በላይ ክፍት ነው» ሲለን

አንድ ምሽት የደመወዝ ሰነድ ወደ መሥሪያ ቤታችን ሰርቨር መላክ ነበረብኝ። እስከ ጠዋት ካልደረሰ የሠራተኛው ክፍያ ይዘገያል። ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው፤ ሰርቨሩ ደግሞ ሊኑክስ። ስለዚህ ደብልዩኤስኤልን ከፈትኩ። ይህ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ያቀረበው፣ ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያሠራ ዘዴ ነው። በኤስኤስኤች ለመግባት ስሞክር ግን ፕሮግራሙ የሚስጥር ቁልፌን አልቀበልም አለ። ምክንያቱ የፋይሉ ፈቃድ 0777 በመሆኑ ነው።

ቁጥሩ ምን ማለት ነው? በዩኒክስ ደንብ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው። ሦስቱ አኃዞች በቅደም ተከተል የባለቤቱን፣ የቡድኑንና የሌላውን ሁሉ መብት ይገልጻሉ። 777 ማለት ማንም እንዳሻው ማለት ነው። የሚስጥር ቁልፍ 600 ቢሆን ይበቃል፤ ባለቤቱ ብቻ ያነበዋል፣ ይጽፍበታል።

«ቸሞድ» በተባለው ትእዛዝ (ሲ፣ ኤች፣ ኤም፣ ኦ፣ ዲ) ወደ 600 ለወጥኩት። የስህተት መልእክት አልመጣም። ፈቃዱን መልሼ ሳይ ግን ያው 777 ነው! በሱዶ ብደግመውም ለውጥ የለም።

ችግሩ ያለው ከትእዛዙ ሳይሆን ከፋይሉ መቀመጫ ነው። ቁልፉን ያስቀመጥኩት በዊንዶውሱ ሲ ድራይቭ ላይ ነበር። ዊንዶውስ ፈቃድን የሚመዘግበው በራሱ መንገድ፣ በተጠቃሚዎች ዝርዝር ነው። ሊኑክሱ የሚያሳየን ቁጥር ግምታዊ ትርጉም እንጂ በዲስኩ ላይ የተጻፈ አይደለም።

መፍትሔው ሁለት ነው። ቀላሉ ቁልፉን በሊኑክሱ የራስዎ ፎልደር ውስጥ ወዳለው «ነጥብ ኤስኤስኤች» ኮፒ ማድረግ፣ ፎልደሩን 700፣ ፋይሉን 600 ማድረግ ነው። በሲ ድራይቭ የቀረውን ኮፒ ማጥፋት አይርሱ። ፋይሉ የግድ እዚያው መቆየት ካለበት፣ በደብልዩኤስኤል ማስተካከያ ፋይል፣ «አውቶማውንት» በሚለው ክፍል «ሜታዳታ» የተባለውን አማራጭ ይጨምሩ። ደብልዩኤስኤልን ሙሉ በሙሉ ዘግተው ይክፈቱና ፈቃዱን እንደገና ይለውጡ። ሆኖም ይህ 600 በሊኑክሱ በኩል ብቻ የሚሠራ ነው፤ በዊንዶውስ በኩል ማን ፋይሉን እንደሚከፍት አይለውጥም።

እኔ የመጀመሪያውን መረጥኩ፤ ሰነዱም በሰዓቱ ደረሰ። ፕሮግራሙ እምቢ ሲል ተናድጄ ነበር። ነገር ግን የሰው ሁሉ ደመወዝ የሚገኝበትን ሰርቨር የሚከፍት ቁልፍ ለማንም ክፍት መሆኑን የነገረኝ እሱ ነው።