የተጣበቀ የሞተር ሳይክል ሲሊንደር እንዴት ይወጣል?

ሞተር ሳይክልዎን ሲያድሱ ቴስታታው ተነስቶ ሲሊንደሩ አልወጣ ካለ በካቻቢቴ አይፈልቅቁት። የመጋጠሚያው ፊት ከተጫረ ሞተሩ ዘይት ያፈስሳል። ስለዚህ፦

1. በጎን በኩል ትናንሽ ቡሎኖች ካሉ መፈታታቸውን ያረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነርሱ ናቸው።
2. በመጋጠሚያው ዙሪያ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጨምረው ያሳድሩት። በእሳት አያሙቁ፤ ቤንዚን ሊቀጣጠል ይችላል።
3. ወፍራሙን ክፍል በጎማ ወይም በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ቀስ አድርገው ይምቱ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዙት ስስ ክንፎች ስለሚሰበሩ አይንኳቸው።
4. ሲላቀቅ ቀጥ አድርገው ያንሱ። ጥቂት ከፍ እንዳለ የፋሻ ስባሪ እንዳይገባ ከሥሩ ያለውን ክፍተት በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ።

መልሰው ሲገጥሙ አዲስ ጓርኒሲዮን ይጠቀሙ። የአንድ ሌሊት ትዕግሥት ከአዲስ ሲሊንደር ወጪ ያድናል።