ቀጭን ጫፍ ያላቸው እስክሪብቶዎች፦ ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ የቱን እንምረጥ?

በአማርኛ አጻጻፍ "ሰ"ን ከ"ሸ"፣ "ነ"ን ከ"ኘ"፣ "ደ"ን ከ"ጀ" የምትለየው ከፊደሉ አናት ላይ የምትሰመር አንዲት አጭር መስመር ናት። ወፍራም ጫፍ ባለው እስክሪብቶ በጠባብ ቦታ ላይ ሲጻፍ ይህች ምልክት ከፊደሉ አካል ጋር ትደባለቃለች። በቅጽ ላይ የተሞላ ስም በዚህች ምልክት ምክንያት ከመታወቂያው ጋር ሳይመሳሰል ሲቀር ደግሞ ባለጉዳዩ ለተጨማሪ ምልልስ ይዳረጋል። በመሆኑም የእስክሪብቶ ምርጫ ቀላል ቢመስልም ለዕለት ሥራችን የራሱ የሆነ ጠቀሜታ አለው።

ዛሬ በስፋት የምንገለገልበት እስክሪብቶ መነሻ ሃንጋሪያዊው ጋዜጠኛ ላስሎ ቢሮ እ.ኤ.አ በ1938 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ባለ ኳስ ጫፍ መጻፊያ ነው። ፈረንሳዊው ማርሴል ቢክ እ.ኤ.አ በ1950 "ቢክ ክሪስታል" የተሰኘውን እስክሪብቶ ለገበያ ካቀረበ በኋላ መሣሪያው በአነስተኛ ዋጋ ለብዙኃኑ ሊዳረስ ችሏል። ከጫፉ ላይ ያለችው ጥቃቅን ኳስ በወረቀቱ ላይ ስትንከባለል ከውስጥ የምትቀበለውን ቀለም ታትማለች።

ገዢዎች በቅድሚያ ሊያውቁት የሚገባው ጉዳይ በእስክሪብቶው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ምን እንደሚያመለክት ነው። 0.5፣ 0.7 ወይም 1.0 የሚሉት ቁጥሮች በአብዛኛው የኳሷን ስፋት በሚሊ ሜትር የሚገልጹ እንጂ በወረቀት ላይ የሚሰፍረውን መስመር ውፍረት የሚያሳዩ አይደሉም። ለምሳሌ ባለ 1.0 ሚሊ ሜትሩ ቢክ ክሪስታል የሚያሰምረው መስመር 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጄል ቀለም ያለው እስክሪብቶ ግን የኳሱ ስፋት ተመሳሳይ ቢሆንም እንኳ ብዙ ቀለም ስለሚያፈስ መስመሩ ይወፍራል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ቀለም ያላቸውን እስክሪብቶዎች በቁጥራቸው ብቻ ማወዳደር ወደ ስህተት ይመራል።

ዓይነቶቹ የየራሳቸው ጥንካሬና ድክመት አላቸው። ቅባትነት ያለው ወፍራም ቀለም የሚጠቀመው የተለመደው እስክሪብቶ ቶሎ ይደርቃል፣ በስስ የደብተር ወረቀት ላይም ወደ ጀርባው ገጽ አይዘልቅም። በካርቦን ለሚባዛ ደረሰኝም ተጭኖ ለመጻፍ የሚመረጠው እርሱ ነው። ይሁንና ጫን ብሎ መጻፍን ስለሚጠይቅ ረጅም ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው እጁ ይዝላል።

ጄል እስክሪብቶ የጃፓኑ ሳኩራ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1984 ያስተዋወቀው ነው። ቀለሙ በዕረፍት ጊዜ የረጋ ሲሆን ኳሷ ስትንከባለል ይቀጥናል፤ ከዚህም የተነሣ ያለ ብዙ ጫና ደማቅና ጥርት ያለ መስመር ይሰጣል። ድክመቱ ለመድረቅ ጊዜ መውሰዱና ቶሎ ማለቁ ነው። ጽሑፋችን ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ በመሆኑ በግራ እጃቸው የሚጽፉ ሰዎች እርጥቡን ቀለም በእጃቸው ሊያበላሹት ይችላሉ። ፈሳሽ ቀለም ያላቸው ባለ ኳስ እስክሪብቶዎች ደግሞ በእጅጉ የሚለሰልሱ ቢሆኑም በስስ ወረቀት ላይ ይሰራጫሉ።

ከቃጫ መሰል ነገር የተሠራ ጫፍ ያላቸው መጻፊያዎች ከሁሉም ይበልጥ ሊቀጥኑ ይችላሉ። "ማይክሮን 01" የሚባለው 0.25 ሚሊ ሜትር መስመር ያሰምራል። ለሥዕልና ለንድፍ ተስማሚ ሆኖ ሳለ በእጃቸው ተጭነው ለሚጽፉ ሰዎች ግን ጫፉ ቶሎ ይደፈጠጣል።

ከቅጥነቱ ባልተናነሰ ሊታሰብበት የሚገባው የጽሑፉ ዕድሜ ነው። በውኃ ወይም በአልኮል የማይሟሙ የቀለም ቅንጣቶችን የያዙ እስክሪብቶዎች በወረቀቱ ቃጫ ውስጥ ስለሚቀመጡ ለማጠብና ለመፋቅ ያስቸግራሉ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለሰነድ ጽሑፍ የሚሆኑ እስክሪብቶዎችን የተመለከቱ መስፈርቶች አሉት፤ ለተለመደው ባለ ኳስ እስክሪብቶ 12757፣ ለጄል ደግሞ 27668 የሚሉት ቁጥሮች ሁለተኛ ክፍላቸው ይህንኑ ይመለከታል። በአንጻሩ በፍትጊያ ሙቀት የሚጠፋ ቀለም ያላቸው እስክሪብቶዎች ለውል፣ ለቼክና ለፈተና ፈጽሞ አይመከሩም። ቀለማቸው ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ስለሚሰወር፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ሰነድ ባዶ ወረቀት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ማንኛውም ሰው ያለ ልዩ መሣሪያ በቤቱ ማወዳደር ይችላል። በመጀመሪያ ዘወትር በሚገለገልበት ወረቀት ላይ "ሸ፣ ኘ፣ ጀ፣ ጨ" ያሉበትን አንድ ዓረፍተ ነገር በእያንዳንዱ እስክሪብቶ በትንንሹ ይጻፍ። ከአምስት፣ ከአሥርና ከሃያ ሰከንድ በኋላ በጣት በማበስ የመድረቂያ ጊዜውን ይመልከት፤ ወረቀቱንም ገልብጦ ቀለሙ መዝለቅ አለመዝለቁን ያጣራ። በማግስቱ የውኃ ጠብታ ያሳርፍበት። ከዚያም የጽሑፉን ግማሽ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ፣ ግማሹን በመጽሐፍ ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት አቆይቶ ያነጻጽር። በመጨረሻም አንድ ሙሉ ገጽ ሳያቋርጥ ጽፎ የእጁን ድካም ያገናዝብ።

ከግዢ በኋላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀጭን ጫፍ ያለው እስክሪብቶ በጫፉ ከወደቀ ኳሷን የያዘው ብረት ስለሚጣመም ቀለም መቆራረጥ ይጀምራል። ሻካራ ወረቀትም ብናኙ ጫፉን ይደፍነዋል።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው ለሁሉም ሥራ የሚሆን አንድ እስክሪብቶ የለም። ለደብተርና ለካርቦን ደረሰኝ የተለመደው ባለ 0.7 ሚሊ ሜትር፣ ለቅጽና ለጠባብ መስመር ባለ 0.5 ሚሊ ሜትር ጄል፣ ለዘመናት ለሚቀመጥ ሰነድ ደግሞ የማይሟሟ ቀለም ያለው ተመራጭ ነው። ከሁሉም በላይ ጸሐፊው በራሱ እጅና በራሱ ወረቀት ላይ ሞክሮ ቢወስን፣ ገንዘቡንም ሆነ የሚጽፋትን እያንዳንዷን ፊደል ከብክነት ይታደጋል።