ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከአሠልጣኝነት እስከ አፍሪካ እግር ኳስ መሪነት

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የሦስተኛው አፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ፣ መደበኛው ሰዓት ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ኢትዮጵያ በግብፅ 2 ለ 1 ትመራ ነበር። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ አቻ የምታደርገውን ግብ አስቆጠረ። በተጨማሪው ሰዓት ደግሞ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው በማግባታቸው ጨዋታው በኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸናፊነት ተፈጸመ። የዚያ ቡድን አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

ድሉ ክብደት ያገኘው ከዚያ በፊት ከነበረው ታሪክ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት የአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች ግብፅ ኢትዮጵያን ሁለቱንም ጊዜ 4 ለ 0 አሸንፋ፣ ሁለቱንም ዋንጫ ወስዳ ነበር። ኢትዮጵያም ከዚያ ቀን ወዲህ ዋንጫውን ደግማ አላነሣችም።

ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዕለት፣ በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በቅኔያቸውና በዜማቸው ስመ ጥር የሆኑት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጅዬው ግን ስማቸውን ያስጠሩት በኳስ ነው። በ1928 ዓ.ም. በተመሠረተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በአጥቂነት ለረጅም ዓመታት ተጫውተዋል።

በ1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ሲመሠርቱ፣ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾችን በአንድ ቡድን አሰልፋ ለመቅረብ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከመጀመሪያው ውድድር ተሰረዘች። ተጋጣሚዋ የነበረችው ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። የአህጉሩ እግር ኳስ ገና ሲወለድ መርሕን ከጨዋታ ያስቀደመው በዚህ መንገድ ነው፤ ይድነቃቸውም ይህን አቋም እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ጠብቀውታል።

ሁለተኛው ትግል ስለ ውክልና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ለተካሄደው የዓለም ዋንጫ፣ የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሽንያ በጋራ አንድ ቦታ ብቻ መደበ። የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው ራሳቸውን አገለሉ፤ ከተቃውሞው ግንባር ቀደም ድምፆች አንዱ ይድነቃቸው ነበሩ። ውሳኔው ለተጫዋቾች ቀላል አልነበረም፤ የአንድ ትውልድ ኳስ ተጫዋቾች ለዓለም ዋንጫ የመድረስ ዕድላቸውን አጥተዋልና። ፍሬው ግን ብዙ አልዘገየም። ለአፍሪካ የራሷ የሆነ አንድ ቦታ ተረጋገጠላት፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ሞሮኮ ተሰለፈችበት። እ.ኤ.አ. በ1982 ቦታው ሁለት ሆነ።

ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ኃላፊነቱንም ለ15 ዓመታት ያህል ይዘው ቆዩ። በዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ። በእርሳቸው የመሪነት ዘመን፣ በ1968 ዓ.ም.፣ የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን የአፓርታይድን ደቡብ አፍሪካ ከአባልነት አስወገደ።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲያርፉ፣ አሁንም በፕሬዚዳንትነት ሥራቸው ላይ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድን አስወግዳ ወደ ውድድሩ ስትመለስ ለማየት አልታደሉም። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1996 አስተናጋጇ ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾችን በአንድ ማልያ አሰልፋ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች። በካርቱም የተጠየቀችው ይህንኑ ነበር።